ስማችንን ያወጡልን ወይዘሮ ሸዋዬ ብርሃነ ሥላሴ ማረፋቸውንና የቅዳሜውን ግጥሚያ በተመለከተ

ከስኮርታ የቦውሊንግ ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ስቶክሆልም
ለማኅበሩ አባላት፣ ለቀድሞ ተጫዋቾቻችን፣ ለተጋጣሚ ክለቦችና ለሚያውቋቸው ሁሉ

የማኅበራችን መሥራችና አሠልጣኝ፣ የቀድሞዋ የስዊድን የሴቶች ቦውሊንግ ሻምፒዮን ወይዘሮ ሸዋዬ ብርሃነ ሥላሴ ባለፈው እሑድ ማለዳ ሁዲንጌ በሚገኘው ሆስፒታል፣ ቤተሰባቸው አጠገባቸው እንዳለ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን በዕረፍታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ሆኖም ከሐዘናችን ምስጋናችን እንደሚበልጥ ከወዲሁ መናገር እንወዳለን። ወ/ሮ ሸዋዬ ፊቱን ያጨፈገገ ሰው ከኋላቸው ቆሞ ሲያዩ ኳስ መወርወር አይሆንላቸውም ነበር፤ ይህንንም መግለጫ አንገታችንን ደፍተን ብቻ ብንጽፈው ደስ አይላቸውም።

ወ/ሮ ሸዋዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ብርሃነ ሥላሴ የሰይቸንቶ ታክሲ ነበራቸው። ያለ ስኮርታ፣ ማለትም ያለ ትርፍ ጎማ፣ ከግቢ የማይወጡ ጠንቃቃ ሾፌር እንደነበሩ ልጃቸው አዘውትረው ያወሱ ነበር። ስለ ጎማው የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይመጣል።

በ1981 በሱዳን በኩል ወደ ስዊድን መጡ። ስቶክሆልም ውስጥ ሃግሴትራ በተባለ ሰፈር ቤት ተሰጣቸው፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ በኋላም ሁዲንጌ ሆስፒታል በረዳት ነርስነት ተቀጥረው እየሠሩ ትምህርታቸውን ጨርሰው ነርስ ሆኑ። ከአቶ ሀይሌ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ያኔትን ወለዱ።

በ1986 መጸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦውሊንግ አዳራሽ ይዘዋቸው ሄዱ። በኮሚቴ መግለጫ ላይ ቀልድና ጨዋታ አይጻፍም የሚሉ አባላት አሉን፤ ልክ ናቸው። የዚያን ምሽት ነገር ትተን ግን የእርሳቸውን ታሪክ መጻፍ አልቻልንም፤ ይቅርታ ይደረግልን።

ወ/ሮ ሸዋዬ በመጀመሪያው ኳስ በመስመሩ ጫፍ ከሚቆሙት ጠርሙስ መሰል አሥር ፒኖች ብዙዎቹን ጣሉ፤ በሁለተኛው የተረፉትን ጠረጉ። ባልደረባቸው እጇን ሽቅብ ዘርግታ «ስፔር!» ብላ ጮኸች። በስዊድን ቦውሊንግ ይህ ቃል የተረፉትን በሁለተኛ ኳስ መጣል ማለት ሲሆን ጭብጨባ የሚገባው ነው። ወ/ሮ ሸዋዬ ግን ቃሉን የሚያውቁት ከሃግሴትራ የምድር ባቡር ጣቢያ ነበር፤ እዚያ ስፔር ማለት ትኬት የሌለውን የማያሳልፈው በር ነው። እንግዲህ የታገዱ መሰላቸው። ጥፋቴ ምንድን ነው ብለው እንኳ ሳይጠይቁ የተከራዩትን ጫማ አውልቀው መለሱ፤ አመሰገኑ፤ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ባልደረባቸው አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሮጣ ባትመልሳቸው ኖሮ ይህን መግለጫ የሚጽፍም ማኅበር አይኖርም ነበር። እርሳቸውም አዲስ አባል በመጣ ቁጥር በራሳቸው እየሳቁ «ታገድኩ ብዬ ኮቴን ለብሼ ስወጣ፣ ለካ እያጨበጨቡልኝ ኖሯል» ይሉ ነበር።

በ1990 ሶደርማልም የሚገኝ ክለብ ተቀበላቸው። በ1994 ከሆስፒታሉ ፈቃድ ወስደው ሙሉ ጊዜያቸውን ለቦውሊንግ ሰጡ። ለአሥር ዓመት ያህል በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወሩ በሙያተኛነት ተጫወቱ፤ ከየከተማው ለልጃቸው ፖስት ካርድ ላኩ። አሥሩን ፒን በአንድ ኳስ በመጣል፣ ስትራይክ በሚባለው፣ ከእርሳቸው የሚበልጡ ብዙ ነበሩ። የተረፈውን በመጣል ግን የሚያህላቸው አልነበረም።

በ1997 የስዊድን የሴቶች ሻምፒዮና አሸነፉ። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን፦ አንድ ጨዋታ አሥር ዙር አለው፤ በየዙሩ ሁለት ኳስ ይፈቀዳል። በአሥረኛው ዙር የተረፉትን በሁለተኛው ኳስ የጣለ ተጫዋች አንድ ኳስ ይጨመርለታል። በፍጻሜው ግጥሚያ ተጋጣሚያቸው ጨርሳ እየመራች ተቀምጣ ነበር። ለወ/ሮ ሸዋዬ በአሥረኛው ዙር ጥግ ላይ አንድ ፒን ተረፈች። እርሷን በሁለተኛው ኳስ ጣሉ፤ በተጨመረላቸው ኳስ ዋንጫውን ወሰዱ።

ይህን ድል አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት መካከል ያላዩት ባለቤታቸው አቶ ሀይሌ ብቻ ናቸው። አቶ ሀይሌ ባለቤታቸው በተጫወቱበት ዘመን ሁሉ አንድም ግጥሚያ ቀርተው አያውቁም፤ ነገር ግን ልባቸው ስለማይችል በአዳራሹ ካፌ ውስጥ ጀርባቸውን ኳሱ ለሚንከባለልበት መስመር ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ውጤቱን ከሰዉ ጩኸት ይገምቱ ነበር። በ1999 ሁለተኛው ሻምፒዮና ሲመጣም ያው ጀርባቸውን እንደሰጡ ነበሩ።

በ2004 በእጅ አንጓቸው ላይ በደረሰ ጉዳት የሙያተኛነት ውድድራቸውን አቁመው ወደ ነርስነታቸው ተመለሱ። ዋንጫዎቻቸውን ሳሎን አላስቀመጡም። የት እንዳሉ ስንጠይቃቸው ጓዳ ናቸው ይሉን ነበር።

በ2008 ማኅበራችንን መሠረቱ። በመሥራች ስብሰባው ላይ ማኅበሩ አንበሳ ይባል፣ ዓባይ ይባል፣ ንሥር ይባል የሚል ክርክር ተነሥቶ አዳራሹ የተፈቀደልን ሰዓት ሊያልቅ ነበር። ወ/ሮ ሸዋዬ ክርክሩን ካዳመጡ በኋላ «እኔ ስፔር ብዬ አላስተምርም፤ የኛ ሰው ታገድኩ ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል። ስኮርታ በሉት። አንዱ ጎማ ሲተነፍስ የሚያደርስ ስኮርታው ነው፤ አባቴ በሱ ነው ያሳደገኝ» አሉ። ሁለተኛው ኳስም ማኅበሩም በዚያው ስኮርታ ተባሉ። ስዊድናውያን ስማችንን ሲያነቡ በቋንቋቸው ሸሚዝ ከሚለው ቃል ጋር ይምታታባቸዋል፤ እስከ ዛሬ የሸሚዝ ማኅበር ብለው ደብዳቤ የሚልኩልን አሉ። ወ/ሮ ሸዋዬ እንዳናርማቸው ከልክለውናል። ሸሚዝም ቢሆን ይለበሳል ይሉ ነበር።

አሠለጣጠናቸው የራሳቸው ነበር። ጀማሪ ተጫዋች የመጀመሪያ ኳሱ በመስመሩ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገብቶበት አፍሮ ሊቀመጥ ሲል «ኳሱ እስኪመለስ ቁም!» ይሉታል፤ የተወረወረውን ኳስ ማሽን ነው ወደ ተጫዋቹ የሚመልሰው። ቆሞ ስንት ፒን እንደወደቀ ሳይሆን ስንት እንደተረፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አለበት። ለስትራይክ ማጨብጨብ አልወደዱም፤ ለስኮርታ ግን መዳፋቸው እስኪቀላ ነበር የሚያጨበጭቡት። ይህ ነገር ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤታችን ገብቷል። ከአባሎቻችን የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቀ ሰው ወደቅሁ አይልም፤ ስኮርታ አለኝ ይላል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዋ ተመልሶባት ይግባኝ ያለች እኅታችንም መልስ እስኪመጣ ድረስ ምን እያደረገች እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ኳሱ እስኪመለስ ቆሜያለሁ ብላ መልሳለች። ተፈቅዶላት ዛሬም የማኅበራችን አባል ናት።

በ2022 ክረምት መታመማቸውን ሐኪሞች ነገሯቸው። በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ፊት ቀርበው ስለ ሕመማቸው አልነበረም ያወሩት። ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶቻችን የዚህ አገር የክረምት ጨለማ ከገባ ጀምሮ ቤት ዘግተው እንደሚከርሙ ተናገሩ፤ የሴቶች ቡድን እንዲቋቋም ጠየቁ። ስለ ጤንነታቸው ስናነሣባቸው «የመጀመሪያው ኳሴ ሄዷል። ስኮርታዬን ልወርውርበት» አሉን። ቡድኑ ልምምዱ ዓርብ ዓርብ ስለሆነ «የዓርብ ሴቶች» ተባለ። የአሁኗ አምበል ወ/ሮ ሔዋን ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ቀን ኳሱን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቅፈው አልለቅ ብለው ነበር። ዛሬ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው በሊጉ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን አድገው እየተጫወቱ ነው። ወ/ሮ ሸዋዬም እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ከወንበራቸው ሆነው አሠልጥነዋቸዋል።

አሁን አባላት በስልክ ደጋግመው ወደሚጠይቁን ጉዳይ እንለፍ። የዓርብ ሴቶች የዘመኑ የመጨረሻ ግጥሚያ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ካሸነፉ በዲቪዚዮኑ ይቆያሉ፤ ካልቀረቡ በፎርፌ ተሸንፈው ይወርዳሉ፤ ቀኑንም ማዛወር እንደማይቻል ተነግሮናል። በአገራችን ልማድ ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ነው፤ ሐዘን የሚቀመጡትም ከቀብር መልስ ነው። እዚህ አገር ግን ቀብር ሳምንታት ይጠብቃል፤ የወ/ሮ ሸዋዬም ቀብር ገና ከቅዳሜው ግጥሚያ በኋላ ባለው ሳምንት ዓርብ ነው። ለዚህ ለመካከሉ ጊዜ ልማዳችን ያስቀመጠልን ነገር የለም።

ስለዚህ በኮሚቴው ውስጥ ከባድ ክርክር ተነሣ። ሊቀመንበራችን አቶ ሣህሉ «አስከሬን ሳይቀበር ኳስ? ሰው ምን ይለናል?» ብለው ፎርፌ እንድንሰጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ ግማሹ ኮሚቴም ደገፋቸው። ወ/ሮ ሔዋን በበኩላቸው እያለቀሱ «እሳቸው ታመው የሠሩትን እኛ ጤነኞቹ እናፍርሰው?» አሉ። መስማማት ስላልቻልን፣ ከሁሉም በላይ ቤተሰቡን እንዳናስቀይም ስለ ሰጋን፣ ተያይዘን ወደ ሐዘን ቤቱ ሄድን።

አቶ ሀይሌ ነገራችንን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «ሸዋዬ ፎርፌ ሰጥታ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁን። ልጃቸው ያኔት እዚህ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ቪ ስፔላር» አለች፤ እንጫወታለን ማለቷ ነው። ያኔት ራሷ ኳስ ወርውራ የማታውቅ ሆና ሳለ እንጫወታለን ማለቷ ሁላችንንም አስለቀሰን። ሊቀመንበራችን ሐሳባቸውን እዚያው መለወጣቸው በዚህ መግለጫ ላይ በግልጽ ይጻፍ ብለዋል፤ ጽፈናል።

በዚህም መሠረት የቅዳሜው ግጥሚያ ይካሄዳል። ተጫዋቾች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያስራሉ። የወ/ሮ ሸዋዬ ኳስ ቀዳዳዎቹ በጣቶቻቸው ልክ የተበሱ በመሆናቸው ለሌላ እጅ አይሆንም፤ ስለዚህ አይወረወርም፤ በኳሶቹ መደርደሪያ ላይ በቦታው ይቀመጣል። ሐዘን ነው ብላችሁ ጭብጨባ እንዳትከለክሉ አደራ እንላለን። በዚያ በመጀመሪያው ምሽት ጭብጨባው ሳይገባቸው ታገድኩ ብለው ወጥተው ነበርና ቅዳሜ በደንብ ይሰማ። አቶ ሀይሌም እንደሚመጡ ነግረውናል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ወንበራቸው ወደ መስመሩ እንዲዞር።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሀይሌ፣ ለልጃቸው ለያኔት፣ ለልጅ ልጃቸው ለኖኅ፣ አብረዋቸው ለሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ለሶደርማልም የክለብ ጓደኞቻቸው፣ ያን ምሽት ሮጣ ከፌርማታ ለመለሰቻቸው ባልደረባቸውም መጽናናትን እንመኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። እኛን ስላመጡን፣ ስላቆሙንና የተረፈውን እንድናይ ስላስተማሩን እናመሰግናቸዋለን።

ደንቡን ከላይ ጽፈነዋል፦ በአሥረኛው ዙር ስኮርታ ላገባ ተጫዋች አንድ ኳስ ይጨመርለታል። ወይዘሮ ሸዋዬ ስኮርታቸውን አግብተው ነው የሄዱት። የተጨመረላቸውን ኳስ ቅዳሜ እኛ እንወረውርላቸዋለን።