ሥርጉትን ቡና ጠሯት

ስሜነሽ ወዳጄ፣ ሞጣ በደህና ገብቻለሁ።

እህቴን ሥርጉትን ያገኘኋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነው። የእንቁላል እጢ ካንሰሩን የምትታከምበትን ኬሞ ባሕር ዳር ሄጄ አልወስድም ብላለች። “ጎረቤት እንኳ ቡና መጥራት ትቶኛል። በቁሜ ቀብረውኛል” አለችኝ። እንደ እኛ ቢቸና ሁሉ እዚህም ቡና ያልተጠራ ጎረቤት እንደተጣላ ነው የሚቆጠረው።

ጎረቤቷን እትዬ ብሩክታይትን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ደነገጡ። “አዬ ልጄ! ቡና ለበሽታዋ አይሆንም ሲሉ ሰምተን፣ እንዳያምራት ብለን እኮ ነው። ሽታው እንዳይደርሳት ጓሮ ተደብቀን ነው የምንቆላው” አሉኝ።

ሕክምናዋን የምትከታተላትን ነርስ ጠየቅኋት። “ሻይና ቡና ዕድሜ ይቀጥላል ወይም ያሳጥራል ብዬ አልዋሽሽም። እሷን ግን የከለከላት የለም፤ ከተስማማት ትጠጣ” አለችኝ። ይህንኑ ለእትዬ ነገርኳቸው።

ትናንት ከሰዓት በአጥሩ በኩል “አንቺ ሥርጉት! ተጎልተሽ ልትቀሪ ነው? ቡናው በረደ!” ብለው ጮኹ። እህቴ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ቡናው ስላቅለሸለሻት ሁለቴ ብቻ ፉት አለች፤ ወሬውን ግን እስከ በረካ ድረስ አልተወችላቸውም። ስንመለስ ጫማዋን እያወለቀች “ለባሕር ዳሩ መኪና በጠዋት ቀስቅሺኝ” አለችኝ።

አብሬያት ስለምሄድ ጥቂት እቆያለሁ። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጅሽን ፍሬንም እቀፊልኝ።

ያንቺዋ ወለተ ገብርኤል