በደረቅ የተቆረጠ ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ግን የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ራሱ እሱ ስለሆነ ኋላ አጥብቄ እጠይቅሻለሁ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ከእናትሽ ጋር እንደ ወትሮው እጨቃጨቃለሁ። የሚቀጥለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

ባለፈው ወር ስትደውዪ እናትሽ «አባትሽ አክስትሽ ቤት ሰንበት ሊል ሄዷል» ብላሽ ነበር። ውሸት ነው፤ ያስዋሸኋትም እኔ ነኝ። አክስትሽ ቤት ከምሳ እስከ እራት መቆየት እንደማልችል እያወቅሽ እንዴት እንዳመንሻት ይገርመኛል። ሆስፒታል ነበርኩ። ቀኝ ሳንባዬን ቀዶ ሕክምና አድርገውልኝ ከጫፉ ቁራጭ ወስደዋል።

ነገሩ በሳል ነው የጀመረው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ብርድ ነው» እያልኩ ከረምኩ። አንድ ቀን የቤታችንን ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ ቁጭ ብዬ እናትሽ አየችኝና፣ ክርክር የለም፣ ጎትታ ወሰደችኝ። ራጅ አነሱኝ። ከዚያ ትልቁ ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። ቀኝ ሳንባዬ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ታየች። ቀዶ ሐኪሟ ካንቺ ብትበልጥ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። «ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሳናወጣት አናውቅም» አለችኝ። ሲጋራ ስትጠይቀኝ በአፌ ዞሮ እንደማያውቅ በኩራት ነገርኳት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች።

«ድንጋይ ቆራጭ ነኝ። የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ደረጃ፣ የመስኮት ደፍ…»

«የሚቆርጡት በውሃ ነው ወይስ በደረቁ?»

«በውሃ» አልኳት።

እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ከጉልበቷ አንስታ እዚያው መልሳ አስቀመጠችው።

ለምን እንደዋሸሁ አንቺ ታውቂያለሽ። የመቁረጫ ማሽናችን የራሱ ቧንቧ አለው፤ ውሃው ምላጩ ላይ እየፈሰሰ አቧራውን ጭቃ አድርጎ መሬት ያስቀረዋል። ግን ውሃው የምቆርጥበትን የእርሳስ መስመሬን ያጥብብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በመስመሬ የምኮራ ሰው ነኝ። አብረን ስንሠራ አንቺ ቧንቧውን ትከፍቺዋለሽ፣ እኔ እዘጋዋለሁ። ዞር ስል ደግመሽ ትከፍቺዋለሽ። ደንበኞቹ በሁለታችን ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሲመሽ ቅንድብሽ ነጭ ሆኖ ስትወጪ «አሮጊቷ መጣች» እያልኩ እቀልድብሻለሁ። አሁን ያ ቀልድ ትዝ ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ሳንባዬን እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። የትንፋሽ አሠልጣኟ ሦስት ኳስ ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ አፌ ላይ ሰካችልኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁበት። ኳሶቹ ንቅንቅ አላሉም። «አባቴ፣ መንፋት አይደለም፣ ወደ ውስጥ መሳብ ነው» አለችኝ እየሳቀች። ስስብ አንዷ ብቻ ተነሳች። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ነው የታዘዘው፤ እናትሽ ሰዓት ይዛ ቆማብኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛዋም ተነሳች። ሦስተኛዋ እስከ ዛሬ እንደናቀችኝ ነች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሰፈሩ እየዞርን እንራመድ ነበር፤ ከእናትሽ ጋር ያን ያህል መንገድ አብረን ከሄድን ስንት ዓመት ሆኖን ነበር።

ሆስፒታል ስገባ አጠገቤ የተኛው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እሱም ለዚሁ ቀዶ ሕክምና ነው የገባው። ሐኪሟ መጥታ አስረዳችን። ጎናችንን በሰፊው አትከፍተውም። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው፤ በአንዱ ቀጭን ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያ ይገባል። ያን ጊዜ የሚሠራበት ሳንባ አየር እንዳይገባው ተደርጎ በሌላው ብቻ ነው የምንተነፍሰው። ሹፌሩ «ገባኝ፤ አንዱን ጎማ አስተንፍሳችሁ በሌላው ልትነዱኝ ነው» አላት። እኔ ሳቄን ልለቅ ስል ሳሌ ቀደመኝ።

ጠዋት ሰውነቴን በመድኃኒት ሳሙና ታጠብኩ፣ ከኋላ የሚታሰረውን ልብስ አለበሱኝ። ሐኪሟ መጣችና በእስክሪብቶ ቀኝ ጎኔ ላይ ምልክት አደረገችብኝ። ሦስት አጫጭር መስመር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። ቀጥሎ ነርሷ ቦታውን በፈሳሽ መድኃኒት ደጋግማ ማሸት ጀመረች።

«መስመሩን አጠፋሽው እኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

«አይጠፋም። ውሃም ይሄም አያስለቅቀውም።»

«ምን ዓይነት እስክሪብቶ ነው?»

«የማይለቅ ቀለም ነዋ! የትም ይሸጣል» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ልጄ፣ እዚያ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ስለ ሞት ያስባል ይባላል። እኔ ስለ እስክሪብቶ ነበር የማስበው። አሥራ አምስት ዓመትሽ ሳለ «አባዬ፣ ውሃ የማያጠፋው ቀለም የለም እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «ድንጋይ ከእርሳስ ሌላ አይቀበልም» አልኩሽ። ሞክሬው አይደለም። ልጅ እንዴት ታስተምረኛለች ብዬ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ከኛ ሁለት በር አልፎ ነበር። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰውዬ ዓይኔ እንባ ሲሞላ አይቶ «አይዞዎት፣ ምንም አይሰማዎትም» አለኝ።

ስነቃ ከጎኔ ቱቦ ወጥቶ መሬት ላይ ካለ ሳጥን ጋር ተያይዟል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ በተነፈስኩ ቁጥር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ እውነት ነው፤ ሳስል ግን ትንሽ አይመስሉም። ትራስ ጎኔ ላይ አቅፌ እንዳስል አሳዩኝ። በማግስቱ ሳጥኑን ይዤ ኮሪደሩ ላይ አስኬዱኝ፤ ሹፌሩም የራሱን ሳጥን ይዞ ከኋላዬ ሆኖ «ቅደም እንጂ፣ መንገድ ዘጋህ!» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ቱቦውን አወጡት፣ በአራተኛው ወደ ቤት ገባሁ። እስካሁን ከቀኝ ጡቴ ሥር ደንዝዞ ነው፤ ብነካውም የኔ ገላ አይመስለኝም። ትራስ ደራርቤ ግማሽ ቁጭ ብዬ ነው የምተኛው። እናትሽ የውሃ ባልዲ እንኳ አታስነካኝም። ያን ሁሉ ግራናይት ያነሳ ሰው የሻይ ስኒ ሲያነሳ «ቀስ!» ይባላል።

እጅ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ አይፈታም። ቁጭ ባልኩ ቁጥር ድንጋይ ቤቱ ውስጥ የዋልሽባት የመጨረሻ ቀን ትመጣብኛለች። ሻርፕሽን አፍና አፍንጫሽ ላይ አስረሽ ስትሠሪ መሐንዲሱ ደንበኛችን ገባ። እኔ አፈርኩ። ቤቴን እንደናቅሽብኝ ቆጠርኩት። ሻርፑን በእጄ ወደ ታች ጎትቼ «ድንጋይ የሚጠየፍ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩሽ፣ ሰው ፊት። ሽርጥሽን ፈታሽ፣ አጣጥፈሽ ማሽኑ ላይ አስቀመጥሽ። «ምንም አይደለም አባዬ» ብለሽኝ ወጣሽ። በሳምንቱ ከከተማው ራቅሽ። ስድስት ዓመት ሆነው። ስትደውዪ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ እናትሽን ላቅርብልሽ» ከማለት ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ኮርተሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር፤ ለሰውም እንደዚያ ነበር የማወራው። የምትሸሺው አየሩን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። «ካንሰር አይደለም!» አለች ሐኪሟ ገና ሳንቀመጥ። እናትሽ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ ሐኪሟን አቅፋ አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የቆየው የሚቀጥለውን እስክትናገር ነው።

«የድንጋይ አቧራ ነው» አለችኝ። ሳንባዬ ሊያወጣው ያልቻለው ብናኝ ጠባሳ ሠርቷል። ያቺ ያወጧት ትልቋ ነበረች፣ ትንንሾቹ በሁለቱም በኩል አሉ። የገባውን የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ከእንግዲህ እንዳይጨመርበት፣ በየጊዜው እየታየሁ መኖር ነው።

ካንሰር ቢሆን የኔ ብቻ ነበር። አቧራው ግን የሁለታችን ነው።

ሐኪሟ ወረቀቷን አገላብጣ አየችና «በውሃ ነው የምቆርጠው ብለውኝ ነበር» አለች። ቀጥላም «አብሮዎት የሠራ ሰው ካለ መመርመር አለበት። ማን አለ?»

«የለም። ብቻዬን ነው የሠራሁት።»

አዎ፣ እንደዚያ አልኩ። አሥር ዓመት ከጎኔ የቆምሽውን ልጄን የለችም አልኩ። የፈራሁት ላንቺ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ልጁን አቧራ ውስጥ ያቆመ አባት እንድባል አልፈለግኩም።

ኮሪደሩ ላይ እናትሽ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ ስትቆጣ ድምፅዋ እንደሚቀንስ ታውቂያለሽ። «ልጄን ከቤት አስወጣሃት፤ ዝም አልኩህ። ዛሬ ደግሞ የለችም አልካት። አሁን ተመልሰህ ትገባለህ፤ ካልገባህ እኔ እገባለሁ» አለችኝ። እኔ ገባሁ። ሐኪሟ ሌላ በሽተኛ ይዛለች፤ በሽተኛውም እየሰማ ነገርኳት። ልጅ አለችኝ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ እስከ ሃያ ሁለት፣ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ኋላ ቀኑን ሙሉ፣ በደረቅ። ውሃውን የምትከፍተው እሷ፣ የምዘጋው እኔ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ ከዚህ ጋር የላክሁልሽን ወረቀት ጻፈች፤ እዚያ ላለው ሐኪም ትሰጪዋለሽ፣ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ደህና ነሽ ወይ? እሁድ ስትደውዪ እናትሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋው እኔም እሰማ ነበር። ሦስት ጊዜ አሳልሽ። እናትሽ «ምነው?» ስትልሽ «ብርድ ነው» አልሻት። ብርድ ይሁን፤ ብርድ ቢሆንልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። ግን በዚህ ሳምንት ራጅ ተነሺ። ሥራሽን ሲጠይቁሽ «ቢሮ ነው የምውለው» ብለሽ እንዳታልፊው። ድንጋይ ቤት አድጌያለሁ፣ በደረቅ ነበር የምንቆርጠው በያቸው። በደረቅ ያስቆረጠሽ ማነው ካሉሽ አባቴ ነው በይ። ለኔ ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታለሳልሺ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ይቅርታ እንዳልጠየቅኩሽ አስተውለሽ ይሆናል። ረስቼው አይደለም፤ ስድስት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ያለ ቃል ነው። ግን አውቅሻለሁ። ይቅርታ ካልኩሽ እዚያው ስልክሽን አንስተሽ «ምንም አይደለም አባዬ» ትዪኛለሽ። የኔ ልብ ያርፋል፣ አንቺም ነገሩ አለቀ ብለሽ ራጁን ለሌላ ጊዜ ታሳድሪዋለሽ። ስለዚህ አሁን አልጠይቅሽም፤ ብታዝኚብኝም፣ ብትረግሚኝም አልጠይቅሽም። ቀድመሽ ተመርመሪ። ውጤቱ ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ። ያን ጊዜ እጠይቅሻለሁ። «ምንም አይደለም» ማለት ከቻልሽ ያኔ በዪኝ፤ ውጤቱን አይቶ የሚናገር ሰው ቃል ይሆናልና።

ፈጣሪ ደረትሽን ንጹሕ አድርጎ ያቆይልኝ። ከኔ ትንፋሽ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

አባትሽ