ውርጭ ስለመታው ኮክዎ

ውድ ሲስተር፣

እንደ ወጉ ጤናዎን ጠይቄ ልጀምር አልኩና ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም፦ ያን ዕለት ኮኩን ሸፍነውት ነበር። አልረሱም። ብርድ ልብሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

በዚህ ብርድ ኮክ ሲተክሉ ሰፈሩ ሁሉ ስቆብዎታል፤ እኔም ስቄያለሁ። እርስዎ ግን በግቢዎ በኩል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘውን የወርክሾፔን ግድግዳ አስጠግተው ተከሉት። ብርሃን እንዲገባው መሐሉን እየከፈቱ ገረዙት። አበባው ብርዱ ሳያልፍ ስለሚወጣ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር አመሻሽ ላይ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍኑት ነበር። በስድስተኛው ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጠፋ ድረስ አበበ።

ያን ቀን የአንድ ደንበኛ ጠረጴዛ እግሮች በሙጫ አጣብቄ ነበር። ሙጫ ብርድ አይወድም። አጥሩን ተሻግሬ ብርድ ልብስዎን አነሳሁና ጠረጴዛውን ጠቀለልኩበት። አንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነበር። ራት በላሁ፣ ጋደም አልኩ፣ በዚያው እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። እርስዎ ሳይነሱ ብርድ ልብሱን ልክ እንደ እርስዎ አጣጥፌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። መርሳትስ ይሁን፣ ሰው ይረሳል። ማጣጠፌ ግን ተንኮል ነበር።

ወጥተው አዩት። አንዷን አበባ በጥፍርዎ ከፈት ሲያደርጓት ውስጧ ጠቁሯል።

«አንተ አናጢ፣ ና እስቲ! ትናንት ስሸፍነው አላየኸኝም?»

«እኔ እንጃ ሲስተር፣ ልብ አላልኩም።»

የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ ደጋግመው አዩት። «እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉና ገቡ። አርባ ዓመት ሲያዋልዱ አንድ መድኃኒት ያልተሳሳቱ፣ የእኔንም ልጅ በእጅዎ የተቀበሉ ሴት!

ከዚያ በኋላ ራስዎን ማመን ተዉ። የበርዎን ቁልፍ ላድስ ስገባ ግድግዳው በወረቀት ተሞልቷል፦ «ምድጃ ጠፍቷል?» «ውሃው ተዘግቷል?» ገበያ ሲሄዱ ከመንገድ ተመልሰው በሩን ይነካካሉ። ሁሉንም አይቻለሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

ልጅዎ ሲመጣ በር ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እማዬ ትረሳለች እንዴ?»

እውነቱን ብናገር ራሴን ማጋለጥ ሊሆን ነው። «አልፎ አልፎ» አልኩት። ወር ሳይሞላ ወደ እሱ ቤት ሊወስድዎት መጣ፤ ቤትዎም ተዘጋ። መኪናው ላይ ሲወጡ «ኮኩን አደራ» አሉኝ፣ እኔን!

ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሲስተር በራሳቸው እምነት አጥተው ከቤታቸው ወጡ፤ ያንተ ጠረጴዛ ግን ደህና ደረቀ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ደወልኩ። ልጅዎ አነሳው። «ደህና ናት፤ ምድጃ ግን ጨርሶ መንካት ትታለች፣ ትፈራለች። ላገናኝዎት?» አለኝ። «አይ፣ ሰላም በልልኝ» ብዬ ዘጋሁት። ይኸው፣ በድምፅ ያቃተኝን በወረቀት እየሞከርኩ ነው።

ዛፉ ደህና ነው፤ ያጣው የዚያን ዓመት ፍሬ ብቻ ነበር። እርስዎ ያጡትን ግን በምን እንደምመልሰው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። «አልፎ አልፎ» ያልኩትን በእርስዎ ፊት ለልጅዎ ውሸት ነበር እለዋለሁ። ዓይንህን ማየት አልፈልግም ካሉኝ ከደጅ ቆሜ ተናግሬ እመለሳለሁ። ወደ ቤቴ ልመለስ ካሉ ደግሞ ዕቃዎን የምሸከመው እኔ ነኝ።

በደለኛው ጎረቤትዎ፣
አናጢው