ከሽቦው በፊት የቀባሁት ቅቤ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ነገ የምሕረት ጭንቅላት ላይ ሽቦ ሊለጥፉ ነው። አያማትም ብለውኛል።

ልጄ ከአውቶቡስ ስትወርድ ወድቃ ጭንቅላቷን ድንጋይ ከመታት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ። ትተነፍሳለች። ዐይኗን አትገልጥም።

ዶክተሩ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የሰው አንጎል የራሱ ሞገድ አለው፤ መሣሪያው ያንን በብዕር ወረቀት ላይ ይጽፋል። እሱ ደግሞ ወረቀቱን አይቶ ትነቃለች ወይስ አትነቃም የሚለውን ይገምታል። ተስፋ ከሌላት አልጋው ለሌላ በሽተኛ ይፈለጋል። ወደ መካኒሳ፣ ወደ ቤቴ ይዣት እገባለሁ ማለት ነው። ገብቼስ ምን ላደርጋት?

ተመስገን፣ ትኩሳቷ ወርዷል። ሲስተር ሙሉ ለእኔም ሾርባ ሰጠችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ሲስተር ሙሉ ሳታይ የምሕረትን ፀጉር ጎነጎንኩት። ከቁስሉ ራቅ አድርጌ ለጋ ቅቤ ቀባኋት፤ በጨርቅ ጠርጌ ሻሽ አሰርኩላት። ቅቤውን የላፍቶዋ ወዳጄ ጫልቱ ከራሷ ላም አምጥታልኝ ነው። «አናቷ ደርቋል። ቅቤ ሳይጠጣ እንዴት ይነቃል?» አለችኝ። እውነት መሰለኝ። ደግሞም ሰው ፊት ልትቀርብ ነው፤ ተንጨባርራ እናት የሌላት እንዳትመስል ብዬ።

ባለመሣሪያው አቶ ግርማ ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ቅቤ ነክቶታል እንዴ?» አለኝ።

«የድሮ ነው፤ ታጥቧል» አልኩት። ዋሸሁ።

በአልኮል ጠረገ፣ ለጠፈ። ሽቦው ተንሸራተተ። እንደገና ለጠፈ። ብዕሮቹ አንዴ ይፈነጫሉ፣ አንዴ ዝም ይላሉ።

ዶክተሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ብዙ አየው። «ጥርት ያለ አይደለም። የሚታየውም ደካማ ነው። ልብዎን ያዘጋጁ። ቅዳሜ እንወስናለን።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ወንድሟ ተስፋዬ ለመሞቱ ከግንባር የመጣልኝ ወረቀት ብቻ ነው። አስከሬን አላየሁም። ወረቀት አምኜ ልጄን አለቀስኩ። የምሕረትን ወረቀት ግን ያበላሸሁት እኔው ብሆንስ? ይህን እያሰብኩ አውቶቡሱ ውስጥ መውረጃዬን አለፍኩት።

እንደ ደረስኩ ለዶክተሩ ነገርኩት። «ቅቤ ቀብቻታለሁ። ዋሽቻለሁ።» ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አቶ ግርማን አስጠራው።

አቶ ግርማ ራሱን ያዘ። «እኔ'ኮ መሣሪያው አረጀ ብዬ ስፈታ ስገጥም አደርኩ! እናቴ፣ ወጥ ሊሠሩ ነው ወይስ ልጅ ሊያሳክሙ?» ሲስተር ሙሉ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። «ደካማ ነው ያልኩትን አሁን አላምነውም። ነገ እንደገና ይነሣ» አለ።

ከሲስተር ሙሉ ጋር ሹሩባውን ፈታን። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብናት። ቅባቱ ሳፋው ላይ ተንሳፈፈ። «የእኔም እናት ብትሆን ትቀባኝ ነበር» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ሽቦዎቹ ያዙ። ብዕሮቹ ረጋ ብለው ሄዱ።

ዶክተሩ ጆሮዋ ሥር አጨበጨበ። በስሟ ጠራት። እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም። «እስቲ እርስዎ፤ ቤት እንደሚያነጋግሯት» አለኝ።

የሚጣፍጥ ቃል ፈለግሁ፤ ጠፋኝ። አፌ የለመደውን አወጣ። «አንቺ! ተነሺ እንጂ፣ ቦኖው ሊዘጋ ነው! ውሃ ሳንቀዳ ልንውል ነው?»

ብዕሮቹ ተለወጡ። ሰፋፊው ሞገድ ጥብብ ጥብብ አለ። «ይድገሙት» አለ አቶ ግርማ። ደገምኩት። እንደገና ተለወጠ።

«ሰማችኝ ማለት ነው?» አልኩ።

«አንጎሏ መልስ ሰጥቷል። እንዲህ የሚመልስ ብዙ ጊዜ ይነቃል። ግን ቃል አልገባልዎትም፤ መቼ እንደምትነቃ፣ ስትነቃም ምን እንደምትሆን ወረቀቱ አይነግረኝም።»

አልጋው ላይ ትቆያለች። ትቆያለች! የአቶ ግርማን እጅ ልስም ስል ሸሸኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

የጸሎት እህቶቼ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ብርቱካን ይዘው መጡ። ማኅበራችን ተከልክሏል፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅምና በሹክሹክታ ጸለይን። አንዷ «አሜን!» ብላ ልትጮህ ስትል ጭኗን ቆነጠጥኳት። «ምስጋናም ይቆነጠጣል?» አለችኝ።

ምሕረት ያው ናት። ብቻ መርፌ ሲወጓት እጇን ሰበሰበች።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ምሳ ሰዓት ላይ ዐይኗን ገለጠች።

መጀመሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ እኔን። እንደማታውቀው ሰው አየችኝ። ሲስተር ሙሉን ጠራኋት፤ ሮጣ መጣች። «አይዞዎት እማማ፣ ሰው ማወቁ ሊዘገይ ይችላል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «ሊቀርም ይችላል።»

ይሁን። ለእኔ እኮ ሞታ ነበር።

ወንበሬን አስጠጋሁ። «በላይነሽ እባላለሁ» አልኳት። «እናትሽ ነኝ።»

ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።