ምክንያቱ ስላልታወቀው ፍሬን

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የሾፌሮች ሥነ ምግባር ክትትል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዐይንዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ እመኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክሎ የከተማውን አውቶቡስ ሁሉ መጠበቅ ዐይን ያደክማልና። እኔ ከዳገቱ ፌርማታ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ፣ ሳልቀጠር የእርስዎን ሥራ ስሠራ እውላለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። በየአውቶቡሱ መሪ አጠገብ ያስገጠሙት፣ ፍጥነቱን፣ ፍሬኑንና ቆሞ የሚቃጠለውን ነዳጅ እየመዘገበ ወደ ቢሮዎ የሚልከው መሣሪያ ሾፌሮቹን አደብ አስገዝቷል፤ ቁልቁለቱን እንደ ፈረጠጠ በሬ ይወርዱት የነበሩት ዛሬ እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው ይጠነቀቃሉ። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፤ የሚቀጥሉትን ምስጋናዎች ግን እንደ ፈቀዱ ይውሰዷቸው። ሾፌሮቹ ባጠፉ ቁጥር ሲጢጥ የሚለውን ይህንን መሣሪያ ተሳፋሪው “አማት” ብሎታል፤ ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ታወራለች፣ ለምን ብላ ግን አትጠይቅም።

፩. ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ሞተር ያስጮኻል፤ ሞተር ሲጮኽ አማት ትጮኻለች፤ አማት ስትጮኽ ነጥብ ይቀነሳል። ሾፌሮቹም ብልሆች ናቸውና ዳገቱ ላይ ባለመቆም ተገላገሉ። እኛም ተሳፋሪ መሆናችን ቀርቶ አውቶቡስ ሸኚዎች ሆነናል፤ በእግር መሄዱ ውፍረት ስለቀነሰልን እናመሰግናለን።

፪. በዚህ ጥበብ የተካነው፣ እኛ “ንፋሱ” የምንለው ሾፌር የወሩ ምርጥ ተብሎ ፎቶው በየአውቶቡሱ ተለጥፏል። ሲያንሰው ነው። ስለማይቆም ፍሬን አይረግጥም፤ ስለማያሳፍርም የሚጨቀጭቀው የለም። ነጥቡ እንዳይጎድልበት አንዳንዶቻችን አውቶቡሱ ቀስ ሲል እየዘለልን መውረድ ጀምረናል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በቀደም ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፤ አማት ሲጢጥ ስላላለች ግን አደጋ አልደረሰም ማለት ነው።

፫. ተሳፋሪ ሁሉ ቦታውን ሳይዝ የማይነሡትን አንድ አዛውንት ሾፌር “ጋሽ ቆዩ” እንላቸዋለን። ለእርጉዝ ይቆያሉ፣ ለአሮጊት ይቆያሉ፣ ከባድ ዕቃ ለያዘም ይቆያሉ። በዚህም ነዳጅ በማቃጠል ከመሥሪያ ቤቱ አንደኛ ወጥተዋል።

፬. እኚሁ ሰው ከሰኞ ጀምሮ ከመሪ ተነሥተው ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ እንዲያጥቡ መወሰኑን ከራሳቸው ሰማሁ። ጥፋታቸውም በዳገቱ ግርጌ “ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ ፍሬን” መርገጣቸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ምክንያቱ ታውቋል። እናቴ ናት። ለዐይኗ ሕክምና ልትሄድ ወጥታ፣ በታመመው ዐይኗ በኩል የሚመጣውን አውቶቡስ ሳታይ አስፋልቱ ውስጥ ገባች። ከመስኮቱ አየኋት፤ ጮኼ ሳልጨርስ አውቶቡሱ ከምርኩዟ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። መርፌው ጣቴን ወግቶኝ እንደነበር ያወቅሁት የሰፋሁት ሸሚዝ በደም ተበላሽቶ ሳየው ነው። አማት ጮኸች፣ እርስዎ ዘንድ ቀይ መብራት በራ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እናት አለኝ። ጋሽ ቆዩ ይህን ለምን እንዳላስረዱ ብጠይቃቸው የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ።

መሣሪያው ይነቀል አልልም፤ እንደ ፈረጠጠ በሬ ከሚወርዱት በየቁልቁለቱ ያተረፈን እሱ ነው። የሾፌሩ እግር ምን እንደረገጠ በትክክል ይነግርዎታል። ዐይኑ ምን እንዳየ ለማወቅ ግን ሰውዬውን ጠርቶ መጠየቅ ነው፤ ይህም እንደሚገባኝ ኤሌክትሪክ እንኳ አይፈጅም። እባክዎ ሰኞ ሳይደርስ ይጠይቋቸው። ለእናቴ ነፍስ የተከፈላቸው ዋጋ የመኪና ማጠቢያ ባልዲ ሲሆን መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ማየት አልችልም።

ክትትልዎ እንዳይለየን፣ ነጥብዎም እንዳይቀነስ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፣

የዳገቱ ልብስ ሰፊ፣
የምክንያቱ ልጅ

ማስታወሻ፦ እናቴ ምክንያቱ እኔ መሆኔን ራሴ ቀርቤ ካላስረዳሁ ብላ ነገ ወደ ቢሮዎ ትመጣለች። የምትመጣው በተሸላሚው ሾፌር አውቶቡስ ነው። ስለዚህ ደጅዎ ላይ ትወርዳለች ብለው አይጠብቁ፤ በመስኮት ብቅ ብለው ስታልፍ ሰላም ቢሏት ይበቃታል።