ማፍሰሻውን በጣትዎ መታ መታ ስላደረጉት

ለተከበሩ ሙዲር ሙዓዊያ፣
የመድኃኒት ማሸጊያ ቤታችን የበላይ ኃላፊ፣
ገዳሪፍ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? በዚህ ክረምት ትኩሳት ደጅዎን እንዳይረግጥ፣ ምናልባት ቢረግጥም መድኃኒትዎን ከሌላ ማሸጊያ ቤት እንዲያገኙ ከልብ እመኛለሁ።

የዱቄት መርማሪዎ ተናኘወርቅ ነኝ። ሥራዬን እርስዎ ያውቁታል፤ ለአንባቢ ግን ልናገር። የመድኃኒቱን ዱቄት ከላይ ሰፍቶ ከታች በሚጠብ ማፍሰሻ እለቃለሁ፤ ማንም ሳይነካው በራሱ መውረድ አለበት። ወርዶ የሚሠራው ክምር ዝርግ ከሆነ ዱቄቱ ይፈስሳል። ሾሎ ከቆመ ግን እርስ በርሱ ተያይዟልና ማሽኑ አንዱን ካፕሱል ሞልቶ ሌላውን ባዶውን ይሸኘዋል።

፩. ከሾዋክ ከተማ በመጡት የመድኃኒት ገዢዎች ፊት ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ማፍሰሻው ውስጥ ቀጥ ባለ ጊዜ፣ እንግዳ ፊት እንዳናፍር ተጨንቀው በጣትዎ መታ መታ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ዱቄቱም አክብሮዎት ወረደ። ማሽኑ ዘንድ ግን ጣትዎ አልነበረም።

፪. እንግዶቹ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ፤ እኛም መሬት መሬት አየን። በይሉኝታ ሁላችንም አንደኛ ወጣን። ፈተናው ይደገም ብዬ በጆሮዎ ስጠይቅ፣ በሰው ፊት እንዳላዋርድዎ በትሕትና አሳስበውኛል፤ መድኃኒቱም ታሽጎ ወጣ።

፫. ጎረቤቴ ሰኪና ያንኑ መድኃኒት፣ እኔ የምሠራበት ቤት ያሸገው ስለሆነ ብቻ ተማምና፣ ለልጇ ለአማል ገዛች። ትኩሳቱ አልለቀቃትም። የተረፉትን ካፕሱሎች ተቀብዬ ብከፍት፣ በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው ዱቄት የጣት ጥፍር አይሸፍንም። ከዚያ ወዲህ በሰኪና በር ማለፍ አፍሬ በጓሮ እዞራለሁ። እርስዎ ያመለጡትን እፍረት ለእኔ ስለተዉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ስለዚህ መድኃኒቱን ከየሱቁ እንዲያስሰበስቡ፣ ፈተናውም እጅዎ ኪስዎ ውስጥ እንዳለ እንዲደገም በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ዱቄቱ የታዘዘልዎትን ያህል መታዘዝ ያቃታት፣
አክባሪዎ ተናኘወርቅ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ሰኪና ልጇን ታቅፋ መጣች። እንዳላፍር ብላ “አማል ሐምዱሊላህ፣ ኩወይሳ፣ ደህና ናት፤ መድኃኒትሽ ደግ ነው” አለችኝ። ልጅቷን ስቀበላት እሳት ነበረች። አሁን ወደ ሐኪም ይዘናት ልንሄድ ነው፤ መንገዱ በእርስዎ ደጅ ያልፋል። እንግዳ ካለዎት እንዳናሳፍርዎ አስቀድሜ ላሳውቅዎ ብዬ ነው።