«ደስተኛ ወንዶች ይመርመሩ» ላላችሁን

ለተከበራችሁ የኤች አይ ቪ ምርመራ ዘመቻ የማኅበራዊ ሚዲያ ክፍል ኃላፊዎች፤
ሜልበርን

ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ኢንተርኔታችሁ ሳይቆራረጥ፣ ስብሰባችሁ ሳይጓደል እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፊትዝሮይ ካለ ክሊኒክ ደጃፍ ቆሜ፣ የምርመራ ቀጠሮ ያለውን ጓደኛዬን እየጠበቅሁ፣ በየሁለት መስመሩ ቀና እያልኩ የትራም ፌርማታውን እያየሁ ስለምጽፍ፣ ሐሳቤ ቢዘባረቅ ይቅርታችሁ አይለየኝ። ጓደኛዬን ናኦድ እለዋለሁ፤ እውነተኛ ስሙን እናንተ ከበቂ በላይ አስተዋውቃችሁለታል።

1. በቅድሚያ፣ በአማርኛ ልታነጋግሩን በመድከማችሁ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ጌይ ወንዶች፣ ማለትም ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ እንዲመረመሩ ፌስቡክ ላይ ስትጋብዙ፣ የትርጉም ማሽኑ «ጌይ» የሚለውን ቃል በድሮው የእንግሊዝኛ ፍቺው «ደስተኛ» ብሎ ቢሰጣችሁ አምናችሁ ተቀበላችሁና፣ «ደስተኛ ወንዶች ሆይ፣ ዛሬውኑ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ» የሚል ጥሪ ደረሰን። አንድ አባት ከስሩ፣ አውስትራሊያ ከገቡ ወዲህ ደስታ የሚባል ስላላዩ ጥሪው እሳቸውን እንደማይመለከት ጽፈዋል። ናኦድም ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

አብሮት የነበረ ሰው ከሁለት ወር በፊት ደውሎ ቫይረሱ እንዳለበት ነግሮታል። ናኦድ መመርመር እንዳለበት ያውቃል፤ መድኃኒቱን በጊዜ የጀመረ ሰው እንደማንም ሰው እንደሚኖርም ያውቃል። የሚፈራው መርፌውን ሳይሆን የአገር ሰው ዓይን ነው። ለምኜ ለምኜ፣ በመጨረሻ ቀጠሮ ቡክ አደረገ።

2. ኮሜንት መስጫውን ለሁሉም ክፍት ስለተዋችሁልን ደግሞ እግዜር ይስጥልን። ዳንደኖንግ የሚኖሩት አክስቱ፣ እትዬ ስንታየሁ ልበላቸው፣ ማስታወቂያውን በቅንነት አንብበው፣ የወንድማቸውን ልጅ ከነአባቱ ስም ታግ አድርገው፣ «ይኸው ደስተኛ ወንድ እየፈለጉ ነው! ከቤተሰባችን እንዳንተ ሳቂታ የለም፤ ሂድና ተመርመርላቸው የኔ ጌታ» ብለው ጻፉ። ከአማርኛው ጎን ያለውን እንግሊዝኛ ያነበበ ሌላ ሰው ትክክለኛውን ትርጉም ከነስድቡ ከስሩ አስቀመጠላቸው። እትዬ ስንታየሁ ደንግጠው ቢያጠፉትም ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ስክሪንሾቱ ባቡር ሳይሳፈር ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ገባ። ናኦድ በዚያው ቀን አካውንቱን ዘጋ፤ ቀጠሮውንም ካንስል አደረገ።

3. እንድታስተካክሉ ለጻፍኩላችሁ መልእክት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» ስላላችሁኝ፣ ከዚያም ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም ስላላችሁ፣ በአሥረኛውም ቀን ማስታወቂያው እስካሁን ካወጣችኋቸው ሁሉ ብዙ ኮሜንት ማግኘቱን በኩራት ስላበሰራችሁን ቃላት ያጥረኛል። ከኮሜንቶቹ አንዱን እንኳ አስተርጉማችሁ አንብባችሁ ይሆን?

ይቅርታ፣ ትራም ቆሞ ነበር። እሱ አይደለም።

ማኅበራዊ ሚዲያን ተዉት እንዳላልኩ ይታወቅልኝ። እኔ ራሴ አምና የተመረመርኩት፣ አንድ የማላውቀው ሰው በውስጥ መስመር በላከልኝ ጥቂት ቃል ነው፤ የት እንደምሄድ፣ ማን እንደሚቀበለኝ፣ ካልፈለግሁ አበሻ አስተርጓሚ እንደማይጠሩብኝ ነገረኝ፤ በማግስቱ ሄድኩ። ማንም አላየኝም። እኛ እርስ በርሳችን የምንጠራራበት የራሳችን ቃልም አለን፤ ብትጠይቁን በደስታ እንነግራችሁ ነበር። የመጀመሪያውን ካንስል ካደረገ በኋላ፣ የዛሬውን ቀጠሮ ለናኦድ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ስደውልለት እመጣለሁ ብሎኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን አላነሳም፤ እኔም ፈርቻለሁ።

ለሰፊው ዘመቻችሁና ለጠባቡ መዝገበ ቃላታችሁ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

አክባሪያችሁ፣
አንድ ዜጋ

ማሳሰቢያ፦ ቀጠሮው ካለፈ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። እንግዳ ተቀባይዋ ወጥታ፣ ናኦድ ለምን እንደቀረ ሊያስረዳት የሚችል ሰው ስልክ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የእናንተን ሰጥቻታለሁ፤ ስትደውል እባካችሁ ሰው ያንሳላት።